«በሞቴ» የማይል መሥሪያ ቤት

ባለቤቴ ባዶ ሆዱን ሰው ቤት ሄዶ «አሁን በልቼ ነው የወጣሁት» የሚል ሰው ነው። ሳህን ፊቱ ሲቀመጥ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ኧረ ግድ የለም፣ ይቅርብኝ» ይላል። የቤቱ እመቤት «በሞቴ» ትለዋለች። እሱ «በእውነት በቃኝ» ይላል። «አፈር ስሆን» ስትለው ነው ትንሽ ላላ የሚለው። ከዚያ በኋላማ ሳህኑን አጽድቶ ይነሳል። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ስንት ጊዜ ጥርሴን እንደነከስኩ ቤቱ ይቁጠረው። እኔ ሲርበኝ «ርቦኛል» እላለሁ፤ እናቴም በዚህ ነገሬ እያፈረች ነው ያሳደገችኝ። የባለቤቴ ይሉኝታ ግን ራት ላይ እኔን ከማናደድ አልፎ ልጃችን ላይ ይደርሳል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ልጃችን ያኔ አራት ዓመቷን ይዛለች። የተወለደችው እዚሁ በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ኦሮራ ነው። ምን ብትሏት መልሷ «ዋት?» ነበር። እኔ በአማርኛ ሳናግራት «ዋት?»፣ ጎረቤት በእንግሊዝኛ ሲያናግራት «ዋት?»። አባቷ ሁለቱ ቋንቋ ተደባልቆባት ነው ይል ነበር። እኔ ደግሞ በእኔ የወጣች እልኸኛ ናት እል ነበር። የምትናገረውም ግማሽ ግማሽ ቃል ነው፤ መጨረሻውን ትበላዋለች። ነገሩን ያስተዋለችው የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪዋ ናት። አንድ ቀን ልወስዳት ስሄድ ወደ ጎን ጠራችኝና «ተረት ሳነብላቸው መጽሐፉን አታይም፤ የኔን አፍ ነው የምታየው» አለችኝ።

ሐኪሙ በትንሿ መብራት ሁለቱንም ጆሮዋን ካየ በኋላ ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሟል አለን። መድኃኒት ተሞከረ፣ ተጠበቀ፣ አልሄደም። ሕክምናው አስቸጋሪ አይደለም፤ ታምቡሩ ላይ ከሩዝ ፍሬ ያነሰች ቱቦ ያስገባሉ፣ ፈሳሹ ይወጣል፣ ልጅቷም በዚያው ቀን ቤቷ ትገባለች። «ግን ብዙ ባንቆይ ጥሩ ነው» አለ ሐኪሙ። «አሁን ውኃ ውስጥ ሆና እንደምትሰማ ቁጠሩት። ቃል የምትለምድበት ዕድሜ ነው።» የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ሰጡን። እኔም ቀኑን በልቤ ይዤ መጠበቅ ጀመርኩ። ስለ ክፍያው አንድ ጊዜም አላሰብኩም፤ ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ ሜዲኬይድ፣ መንግሥት ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጠው የሕክምና ካርድ፣ አላት።

እዚህ ላይ ስለ ኑሯችን ትንሽ መናገር አለብኝ። ባለቤቴ ኤርፖርት አጠገብ የፓርኪንግ አውቶቡስ ይነዳ ነበር። ድርጅቱ ሰው ሲቀንስ እሱም ተቀነሰ። የኔ ሥራ ግሌንዴል አንድ ሆቴል ውስጥ ነው፤ አንሶላና ፎጣ አጥባለሁ፣ ያውም በግማሽ ቀን። ስለዚህ ያን ክረምት ከካውንቲው፣ ከአካባቢው መስተዳድር፣ የገንዘብ እርዳታ ወሰድን። ሰው ይሄን ዌልፌር ይለዋል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ባለቤቴ ደግሞ ስሙንም አይጠራው፤ «ያ ነገር» ነው የሚለው። ያ ነገር ታዲያ እንዲሁ አይሰጥም። ሥራ ፍለጋ የሚያስተምሩበት ክፍል ሄዶ መቀመጥ አለ፣ የት የት እንዳመለከቱ ማሳየት አለ፤ ካልሠራህና ሥራ ካልፈለግህ ይቆማል። ባለቤቴ አንድም ቀን ሳይቀር ተማረ። ኮሜርስ ሲቲ አንድ መጋዘን ውስጥ ሥራ ያገኘ ቀን ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ሳሎኑ መሃል ቆሞ «ተገላገልን» አለኝ። ሎተሪ ቢደርሰው እንዲህ ፊቱ የሚበራ አይመስለኝም።

የመጋዘኑ ኢንሹራንስ ለአዲስ ሰው ወዲያው አይጀምርም፤ ሲጀምርም ቤተሰብ ከተጨመረበት ደሞዙን ጠርጎ ይወስደዋል። ይሄም አላስጨነቀኝ። ልጅቷ ካርድ አላትና።

አንድ ማክሰኞ ሆቴሉ ውስጥ ፎጣ ሳጥፍ ስልኬ ጮኸ። ከሆስፒታሉ የቀጠሮ ክፍል ነው። ሴትየዋ ትሑት ናት፤ የልጅሽ ኢንሹራንስ አክቲቭ አይደለም አለችኝ። ስህተት ነው አልኳት። ደግማ አየችና ያው ነው አለች። «ቀጠሮውን እስከ ዓርብ እንይዝላታለን። ከዚያ በኋላ ለሌላ ልጅ መስጠታችን ነው፤ ቀጣዩ ክፍት ቦታ ደግሞ ሩቅ ነው» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ ማድረቂያው ላይ ተደገፍኩ። 

ወዲያው ካውንቲው ደወልኩ። ሙዚቃውን ስሰማ፣ ስሰማ፣ ስሰማ ቆይቼ በመጨረሻ አንዲት ሠራተኛ አነሳችው። መዝገቡን ከፍታ አየችና «የተዘጋው በደንበኛው ጥያቄ ነው» አለችኝ።

«በየትኛው ደንበኛ?»

«በባለቤትሽ።»

እኔ ከሥራ ወጥቼ፣ ልጅቷን ወስጄ፣ ቤት ገብቼ እሱን እስክጠብቅ ድረስ ያሰብኩትን ሁሉ እዚህ ብጽፈው ጥሩ አይደለም። ማምሻውን መጣ። የመጋዘን ጃኬቱን ሳያወልቅ በሩ ላይ ያዝኩት።

«አንተ፣ ካውንቲው ደውሎልህ ነበር?»

«አዎ፣ ያኔ ሥራ እንደጀመርኩ። ሎንች ብሬክ ላይ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ። በአስተርጓሚ ነው ያናገሩኝ።»

«ምን አሉህ?»

«ያ ነገር መዘጋቱን ነገሩኝ፣ እሺ አልኩ። ከዛ ሴትዮዋ ሜዲኬይዱን መቀጠል ትፈልጋላችሁ ወይ አለችኝ።»

«አንተስ?»

እጁ ሳያውቀው ደረቱ ላይ ወጣ። «ኧረ ግድ የለም አልኳት። ሥራ ይዣለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይቅርብን አልኳት።»

«እና?»

«እሺ አለች።» ዓይኑ ፈጦ ነው የሚነግረኝ፣ መገረሙ እስካሁን አልወጣለትም። «መልካም ቀን ብላ ዘጋችው። እንደዛ ቶሎ እሺ ትላለች ብዬ መች አሰብኩ? ደግማ ትጠይቀኛለች ብዬ ነው እንጂ።»

«ሳትጠይቅህ ስትቀርስ ለምን አልነገርከኝም?»

«ትደውላለች ብዬ እየጠበቅሁ ነበር» አለኝ።

እየጠበቀ ነበር! ሳምንታት ሙሉ ካርቶን እየጫነ፣ የካውንቲው ሴትዮ ደውላ «ኧረ በሞቴ፣ እንዲህማ አይሆንም» እንድትለው ሲጠብቅ ነበር። ደሜ ፈላ። መሥሪያ ቤት እንጂ አክስትህ ቤት አይደለም፤ መንግሥት ላንተ አፈር አይሆንም፤ አንዴ ጠይቆ ያልፋል፤ እያልኩ ወረድኩበት።  ወንበር ስቦ ተቀመጠና ጃኬቱን እንደለበሰ መሬት መሬቱን ያያል። በኋላ ዝግ ብሎ «ሥራ ይዣለሁ ብያቸው፣ ከዛ ወዲያው አዎ ስጡኝ ማለት ነውር መሰለኝ» አለኝ። አንጀቴን በላው። ተናድጄበትም አንጀቴን በላው። ለዚህ ሰው ያ ክረምት ምን ያህል ከብዶት እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ።

ከእኛ በታች፣ ምድር ቤት፣ ኦሮራ ውስጥ የኖሩበትን ዘመን ራሳቸውም የማያስታውሱ አንዲት እናት አሉ። እትዬ ነው የምንላቸው። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ልጆቻቸውን እዚህ ያሳደጉ ናቸው። ልጅቷን ይዤ ወረድኩና ነገሩን ነገርኳቸው። ወሬዬን ገና ሳልጨርስ ራሳቸውን መነቅነቅ ጀመሩ።

«ልጄ፣ ዌልፌሩና ሜዲኬይዱ ሴም አይደሉም» አሉኝ። «ድሮ አንድ ላይ ነበሩ፤ አንዱን ያገኘ ሌላውንም ያገኛል። ኋላ ሕጉ ሲለወጥ ለያዩዋቸው። መለየታቸውን ግን ለእኛ ማን ነገረን? እኔ ሥራ ይዤ ዌልፌሩ ሲቆም ካርዱም አብሮ የሞተ መስሎኝ ልጆቼን ሳላሳክም ከረምኩ። ልጄ ጥርሱ አብጦ ሌሊቱን ያለቅሳል፣ እኔ ጨው በውኃ አጉመጠምጠዋለሁ። ለካ ልጆቹ ኳሊፋይ ያደርጉ፣ ካርዱ ይገባቸው ነበር። የማውቃቸው እናቶች ሁሉ እንደኔ ነበሩ።»

«እኛም እኮ ሁሉንም እርዳታ ነው የምንለው» አልኳቸው። እውነት ነው። በእኛ አፍ ገንዘቡም፣ የምግቡ ካርድም፣ የሕክምናው ካርድም አንድ ስም ነው ያለው። አንዱን «በቃኝ» ያለ ሰው ሁሉንም በቃኝ ያለ ይመስለዋል።

«እሱ ነው ጉዱ» አሉ። «ኮሮና ጊዜ ደግሞ ማንንም ሳይጠይቁ ዝም ብለው አቆዩት። ሰው ሪኒው ማድረግ፣ ካርድ ማሳደስ የሚባለውን ነገር ረሳው። ከዛ እንደገና መጠየቅ ሲጀምሩ ስንቱ ካርዱ እንደተቃጠለ ያወቀው ፋርማሲ ቆሞ ነው። አሁን አትደውሉ፣ ኢን ፐርሰን፣ በአካል ሂዱ። ባልሽን ይዘሽ ሂጂ። እምቢ ያለው እሱ ነው፣ እሱ ራሱ ይናገር።»

«እሱ ከተናገረማ አለቀልን» አልኳቸው። እትዬ ሳቁ፤ እኔም ሳልወድ ሳቅሁ። ልጄ አፍ አፋችንን እያየች እሷም ሳቀች።

ለባለቤቴ አለቃውን ፈቃድ መጠየቅ ራሱ ጭንቅ ነበር፤ አዲስ ሰው ነኝ ይላል። ብቻ ጠየቀ። ሐሙስ ጠዋት ካውንቲው ቢሮ ገባን። መንገዱን በሙሉ አስጠናሁት። «ይፈልጋሉ ወይ ሲሉህ ምን ትላለህ?» «አዎ እላለሁ።» «ሌላስ?» «ሌላ ምንም አልልም።» ጎበዝ አልኩት። ልጅቷ ከኋላ ተቀምጣ በመስኮት ታያለች። ተራችን እስኪደርስ ስንጠብቅም ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ ይጸልይ ይሁን ያጠናውን ይድገም አላወቅሁም።

ያስተናገደን ሠራተኛ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ጎልማሳ ነው። የደከመው ይመስላል እንጂ ክፉ ሰው አይደለም። እኔ በእንግሊዝኛ ልናገር ስል እጁን ከፍ አድርጎ፣ ሽፋኑን ያዘጋው እሱ ስለሆነ ከሱ ነው መስማት ያለብኝ አለኝ። የአማርኛ አስተርጓሚ በስልክ አስመጣ። ስልኩ ጠረጴዛው መሃል ተቀመጠ። የሴት ድምፅ ነው፤ የበሰለ የአዲስ አበባ አማርኛ።

ሠራተኛው ስክሪኑን እያየ ጠየቀ፣ እሷም ተረጎመች። «ባለፈው ሲደወልልዎ የሕክምና ሽፋኑን እንደማይፈልጉ ተናግረዋል ይላል። ትክክል ነው?»

«ትክክል ነው፣ ብያለሁ» አለ ባለቤቴ። «የደወሉልኝ ሴትዮም ምንም አላጠፉም። በደንብ ነው ያናገሩኝ።»

ጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት። ለማን ነው የሚከራከረው? ሠራተኛው የሆነ ነገር ጻፈ።

«አሁንስ ለልጅዎ ሽፋኑን ይፈልጋሉ ወይ? ይላል።»

መንገዱን ሁሉ ያጠናነው ይቺን ጥያቄ ነው። ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠረገ። እጁ ቀስ እያለ ወደ ደረቱ ሲወጣ አየሁት፤ እዚያው ላይ አልቄ ነበር። «እንግዲህ… ካላስቸገርናችሁ» አለ። «ካልሆነም ግድ የለም።»

አስተርጓሚዋ ያለውን እንዳለ፣ ሳትቀንስ ሳትጨምር፣ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። ካላስቸገርናችሁ፤ ካልሆነም ግድ የለም። በእንግሊዝኛ ስሰማው ጭራሽ ሌላ ነገር ነው። በአማርኛ ሰውየው ተንበርክኮ ሲለምን ነበር፤ በእንግሊዝኛ ግን ተነስቶ ሊሄድ ነው። ሠራተኛው ጣቱን የኮምፒዩተሩ ቁልፍ ላይ እንዳደረገ ቆመ።  አበሻ ሆና ይሄ ሳይገባት ቀርቶ ነው እንዲህ አድርጋ የምትተረጉመው? ብዬ በሆዴ ሴትዮዋን መርገም ጀምሬያለሁ።

ከዚያ ስልኩ ውስጥ እንደገና ድምጿ መጣ፤ በእንግሊዝኛ፣ ለሠራተኛው። «አሁን የምናገረው አስተርጓሚዋ ነኝ። ከራሴ አንድ ማብራሪያ መስጠት ይፈቀድልኛል?»

ቀጥዪ አላት።

«በእኛ ባህል አንድ ነገር ሲቀርብልን መጀመሪያ ግድ የለም ማለት ጨዋነት ነው። አልፈልግም ማለት ላይሆን ይችላል። አቅራቢው ደጋግሞ እስኪጠይቅ ይጠበቃል። ደንበኛው ምን ማለታቸው እንደሆነ እኔ ልወስንላቸው አልችልም። ግን ደግመው ቢጠይቋቸው ጥሩ ነው።»

በሆዴ የረገምኩትን ሁሉ በሆዴ መለስኩት። ሠራተኛው መነጽሩን ከግንባሩ አወረደና ባለቤቴን አየው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ስንት ጊዜ ነው የሚጠየቀው?» አለኝ።

«ሦስቴ ከጠየቅኸው እምቢ ብሎህ አይሄድም» አልኩት።

ሰውየው አልሳቀም፣ አላሾፈም። ወንበሩን ከስክሪኑ አዙሮ ከባለቤቴ ጋር ፊት ለፊት ሆነ። «ጌታዬ፣ እንደገና ልጠይቅህ ነው። ምንም አታስቸግረኝም። ለልጅህ ይሄን ሽፋን ትፈልጋለህ?» አስተርጓሚዋ ይሄን በአማርኛ ስትመልሰው አንድም ቃል አልጨመረችም፤ ሥራዋ አይፈቅድላትም። አነጋገሯ ግን ተለወጠ። ሳህን ይዛ ፊቱ የቆመች ነበር የምትመስለው።

የባለቤቴ እጅ ከደረቱ ወርዶ ጉልበቱ ላይ አረፈ። «አዎ» አለ። «እፈልጋለሁ። ልጄ አትሰማም።»

ከሱ ጋር ስኖር «እፈልጋለሁ» ሲል የሰማሁት ያን ቀን ነው። «ልጄ አትሰማም» የሚለውንም ቤት ውስጥ ከአፉ አውጥቶት አያውቅም፤ ወይ ቋንቋው ነው፣ ወይ ጨዋታ ይዛ ነው ሲል ነው የኖረው። ወደ ግድግዳው ዞሬ እንባዬን በሻርፔ ጠረግሁ። ልጅቷ የወረፋ ቁጥር የተጻፈበትን ወረቀት እያጣጠፈች ትጫወታለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሥራ ብቻ ነበር። የደሞዙን ወረቀት አሳየነው፣ እሱም ጻፈ። የልጆች ሽፋን መለኪያው ከዌልፌሩ መለኪያ የተለየ እንደሆነ አስረዳን፤ የመጋዘኑ ደሞዝ ለዌልፌሩ በዝቷል፣ ለልጅቷ ካርድ ግን አልበዛም። ካርዱም ከተዘጋበት ቀን ጀምሮ ይከፈትላታል አለን። ባለቤቴ ሊነሳ ሲል «አስተርጓሚዋን ላመስግናት» አለ። ስልኩ ተዘግቶ ነበር። በሩ ድረስ «ሳላመሰግናት» እያለ ሄደ።

ሆስፒታሉ የደወልኩት ፓርኪንጉ ላይ ቆሜ ነው። ሴትየዋ ጠብቂኝ አለችና ቆየች፤ ከዚያ «አየሁት፣ አክቲቭ ነው። ቀጠሮዋ አልተነካም» አለችኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። የመኪናውን ጣሪያ ይዤ እፎይ አልኩ። ባለቤቴ «ምን አሉ?» ይለኛል፤ እኔ ራሴን ብቻ እነቀንቃለሁ። እሱም ገባው።

ከዚያ ወዲህ በቴሌቪዥን ስለ እርዳታ ሕግ ሲከራከሩ ስሰማ ቻናል አልቀይርም፤ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ሥራ ላይ ይታሰር፣ ይለያይ፣ በየጊዜው ይጣራ ይላሉ። እዚያ ላይ ትልቅ ነገር ነው የሚመስለው። እኛ ቤት ሲደርስ ግን ምሳ ሰዓት ላይ በስልክ የመጣች አንዲት ጥያቄ ነበረች። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ግድ የለም» ያለ፣ ማንም ደግሞ ያልጠየቀው ስንት አባት እንዳለ አስባለሁ፤ እናደዳለሁም። እኛ ግን ደግሞ የሚጠይቅ ሰው አገኘን። ይሄን ደግሞ አልክድም።

የቀዶ ጥገናው ቀን ልጅቷን በጠዋት ወሰድናት። የጥንቸል ሥዕል ያለበት የሆስፒታል ልብስ አለበሷት፣ በአሻንጉሊት መኪና እየገፉ አስገቧት። እኛ የያዝነውን ጸሎት ሳንጨርስ ሐኪሙ ወጥቶ በደንብ ሄዷል አለን። ስትነቃ አለቀሰች፣ ጭማቂ ጠጣች፣ ዝም አለች። ነርሷ ዛሬ ድምፅ ሊበዛባት ይችላልና ቤት ውስጥ ጸጥ በሉላት አለችን።

ወደ ቤት ስንመለስ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ቀይ መብራት ያዘን። ባለቤቴ ወደ ግራ ሊታጠፍ ነው። ልጅቷ ከኋላ ወንበሯ ላይ ተወጥራ ተቀምጣለች።

«ማሚ፣ ዋት ኢዝ ዛት?»

«ምኑ?»

«ዛት። ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ።»

ጆሮዬን ጣልኩ፤ ምንም የለም። ጆሮዋ ውስጥ የሚጮህ ነገር አለ ብዬ ደነገጥኩ፤ ስልኬን አውጥቼ ለሐኪሙ ልደውል ነው። ቀድሞ የገባው አባቷ ነው። በጣቱ ከመሪው አጠገብ አሳየኝ። ሲግናሉ፣ ፍሬቻው፣ ነበር። በዚህ መኪና ነው ከሆስፒታል ተወልዳ ወደ ቤት የመጣችው፤ ሲግናል ድምፅ እንዳለው አታውቅም።

«ሲግናል ነው፣ የኔ እናት» አላት አባቷ በቀስታ። «ልንታጠፍ ስንል ነው የሚጮኸው።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ታጠፍን፤ ሲግናሉ ጠፋ። «ዌር ዲድ ኢት ጎ?» አለች፣ የት ሄደ ብላ ልታለቅስ ነው። ባለቤቴ መልሶ አበራው። መታጠፊያ የለም፣ እሱ ቀጥ ብሎ እየነዳ ነው፣ ሲግናሉ ይቆጥራል። የቤታችንን መንገድ አለፍነው፤ እኔም አልተናገርኩም። ከኋላችን ያለ መኪና ጡሩምባውን ነፋብን። ልጄ ከወንበሯ ላይ ወደ ድምፁ ዘወር ብላ አየችው።